የጠፋው ዕቃው ሳይሆን ልኩ ነው
የአሶሳ አሮጌ የጭነት መኪኖች ስለምን ይቆማሉ?

አሶሳ በአምቦ፣ በነቀምቴ፣ በጊምቢና በመንዲ በኩል ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ይህ ርቀት ወደ ገበያ ቋንቋ ሲመለስ፣ ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በሚገባው ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮና ዘይት እንዲሁም ከክልሉ በሚወጣው ማንጎ፣ ሰሊጥ፣ አኩሪ አተር፣ ቀርከሃና እምነ በረድ ላይ ሁሉ የመኪና ኪራይ ተደርቦበታል ማለት ነው። ኪራዩን የሚወስነው ደግሞ የናፍታ ዋጋ ብቻ አይደለም። የሚሠራው መኪና ቁጥር ጭምር ነው። አንድ መኪና በቆመ ቁጥር የቀሩት ዋጋ ይጨምራሉ፤ ማንጎውም መኪና እስኪመጣ ዛፍ ላይ ቆይቶ አይጠብቅም።

በዚህ መስመር ከሚመላለሱት መካከል ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በላይ ያገለገሉ የጭነት መኪኖች አሉ። ባለንብረቶቻቸው ሲጠየቁ የሚያሰሙት አቤቱታ ተመሳሳይ ነው፤ ዕቃ የለም ይላሉ። በበኩሌ አቤቱታው እውነትነቱ ግማሽ ነው ባይ ነኝ። ዕቃው ብዙ ጊዜ አለ። ሶማሌ ተራ ውስጥ፣ በአንድ ጋራዥ ጓሮ ወይም በአንድ አስመጪ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ይገኛል። የጠፋው ልኩ ነው። ገዢው የሚፈልገውን በቁጥር መናገር አይችልም፣ ሻጩም የያዘውን በቁጥር አያውቅም። እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ ዋጋ ሊቆረጥ ይችል ይሆናል እንጂ ግብይት አለ ማለት ያዳግታል።

አንድ ስም፣ ሦስት ፒስቶን

አገሩ ሁሉ የሚያውቀውን ፊያት 682 እንውሰድ። ሾፌሮቻችን ኤን ትሬ የሚሉት የዚህ ዘር አንዱ ነው። ፊያት ይህን መኪና ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ሲሆን ለአፍሪካ ገበያ እስከ 1980ዎቹ ድረስ ሲሠራ ኖሯል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው አምቼ በመጀመሪያ የፊያትን፣ በኋላም የኢቬኮን መኪኖች ሲገጣጥም መቆየቱ ይታወቃል። ስለዚህ «የ682 ፒስቶን» ብሎ ማዘዝ በቂ ይመስላል።

በቂ ግን አይደለም። የ682 ሞተር በዕድሜው ዘመን ሦስት ልክ ነበረው። ሦስቱም ስድስት ሲሊንደር ናቸው። የሦስቱም ፒስቶን የሚመላለሰው 145 ሚሊ ሜትር ነው። የሚለያዩት በካሚቻው ስፋት ነው። የመጀመሪያው 122 ሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው 125 ሚሊ ሜትር፣ ሦስተኛው 130 ሚሊ ሜትር ሲሆኑ ይዘታቸውም በቅደም ተከተል 10,170፣ 10,676 እና 11,548 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። በዚያ ላይ በሠላሳና አርባ ዓመት ውስጥ የአንዱ ሞተር በሌላው ሻሲ ላይ ሲገጠም ኖሯል። በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥርና ከኮፈኑ ሥር ያለው ሞተር የማይገናኙበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። እንግዲህ በስልክ ስም ብቻ ተናግሮ ያዘዘ ሰው ከሦስት አንዱን ዕጣ ማውጣቱ ነው።

ፋብሪካው የጻፈው መጽሐፍ ባይኖርም መፍትሔ አለ። የፒስቶን ፋሻ ወደማይደርስበት የካሚቻው የላይኛ ጠርዝ ብንሄድ ካርቦኑ ከተጠረገ በኋላ የምናገኘው ስፋት ያልተበላው፣ ማለትም የፋብሪካው ልክ ነው። ፒስቶኑ ከላይ እስከ ታች የሚሄደውን ደግሞ ቴስታታው በወረደበት ጊዜ መለካት ይቻላል። ሁለቱ ቁጥሮች ከተገኙ ሂሳቡ የትምህርት ቤት ሂሳብ ነው። ስፋቱን በሴንቲ ሜትር በራሱ ማባዛት፣ በ0.7854 ማባዛት፣ በፒስቶኑ ምልልስ ርዝመት ማባዛት፣ በመጨረሻም በሲሊንደሩ ብዛት ማባዛት። 13 በ13፣ በ0.7854፣ በ14.5፣ በ6 ሲባዛ 11,548 ይመጣል። ሞተሩ ማን እንደሆነ ያለ ወረቀት ተናገረ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ስፋቱ የተገጣጠመ ፒስቶን ሁሉ ይሆናል ማለት አይደለም። ከፒስቶኑ ፒን መሐል እስከ አናቱ ያለው ቁመት፣ የአናቱ ጉድጓድ ቅርጽና የፋሻዎቹ ውፍረት ሊለያዩ ይችላሉ። ቁመቱ በጥቂቱ ቢበልጥ ቴስታታውን ወይም ቫልቮላውን ይመታል፣ ቢያንስ ደግሞ መኪናው ጠዋት ጠዋት አይነሳም። ስለዚህ በትዕዛዙ ላይ ቢያንስ ሦስት ቁጥር መስፈር ይኖርበታል፤ ስፋት፣ ቁመትና የፒን ውፍረት።

ልኩ የታወቀ ሞተር ገበያ አያጣም

ከፊያቱ ጋር ሁለት ሌሎች ሞተሮችን ብናወዳድር ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል።

የምሥራቅ ጀርመኑ ኢፋ ደብልዩ 50 በደርግ ዘመን ወደ አገራችን በብዛት ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1977 የዓለም የቡና ዋጋ ጣራ በነካበት ጊዜ ምሥራቅ ጀርመን የውጭ ምንዛሪ አጥሯት ከኢትዮጵያ ቡናን በዕቃ ልውውጥ ስትወስድ፣ በምላሹ ከመጡት መካከል የጭነት መኪኖችም ነበሩበት። የዚህ መኪና ሞተር ስሙ «4 ቪዲ 14.5/12» ነው። ስሙ ራሱ ልኩን ይናገራል። አራት ሲሊንደር፣ ባለ አራት ምት፣ ናፍታ፣ የፒስቶን ምልልሱ 14.5 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 12 ሴንቲ ሜትር። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1990 ከካርታ ጠፋች፣ መኪናውም መመረቱን አቆመ፤ የሞተሩ ልክ ግን በስሙ ላይ ተጽፎ ቀረ።

ሁለተኛው የመርሴዲስ 1113 ነው። ሞተሩ ኦኤም 352 ይባላል፤ 97 በ128 ሚሊ ሜትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ 5,675 ሴንቲ ሜትር ኩብ። ይህ ሞተር በብራዚልና በኢራን ተመርቷል፤ የህንዱ ታታም በዚያው ልክ የራሱን ሠርቷል። በዚህም የተነሳ ጀርመን ብትተወው እንኳ ፒስቶኑን፣ ብሮንዙንና ጓርኒሲዮኑን የሚሠራ አይታጣም። ለምን? ልኩ በዓለም ዙሪያ ስለታወቀ ነው። ቁጥሩን ያወቀ አምራች ገበያ አለ ብሎ ይነሳል። የአሮጌ ሞተር ዕድሜ የሚረዝመው በብረቱ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን በቁጥሩ መታወቅ ጭምር መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ኢንች እና ሚሊ ሜትር በአንድ ሳጥን ውስጥ

አሶሳን ከሌሎች ከተሞች የሚለያት ሌላ ነገር አለ። ኩርሙክ ቅርብ ናት፣ ሱዳንም ከዚያ ማዶ ነው። ሱዳን በእንግሊዝ ሥር የነበረች አገር በመሆኗ ለብዙ አሥርት ዓመታት ጭነቷን የተሸከመው የእንግሊዙ ቤድፎርድ ነበር። ጣሊያን በሚሊ ሜትር ይለካል፣ የድሮው ቤድፎርድ በኢንች ይለካል። ሞተሮቹም የሚጠሩት በኩቢክ ኢንች ነው፤ 300 እና 330 እየተባሉ። የድንበር ከተማ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ የሁለቱም ብሎን በአንድ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ መደባለቁ አይቀርም።

ይህ ቀልድ አይደለም። የ5/16 ኢንች ብሎን ውፍረቱ 7.94 ሚሊ ሜትር ነው። ዓይን 8 ሚሊ ሜትር ይለዋል። ሲጠመዝዙት ሁለትና ሦስት ዙር ይገባል፣ ከዚያ በኋላ በጉልበት ሲገፋ ጥርሱን ይበላል። በሃምሳ ብር ብሎን ምክንያት ብሎክ ተበስቶ አዲስ ጥርስ ይወጣለታል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የብሮንዝ ነገር ነው። ኮሎው ተሞርዶ ሲቀንስ የሚገባው ብሮንዝ በአንዱ ሱቅ 0.25፣ በሌላው ሱቅ 010 ተብሎ ይጻፋል። ሁለቱ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ሩብ ሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው ከአንድ ኢንች አሥር ሺሕኛው ነው የሚል ሰው ካለ ይታረም፤ አሥር ሺሕኛ ሳይሆን ከሺሕ አሥር እጅ ነው፤ ይኸውም 0.254 ሚሊ ሜትር። እንደዚሁም 020 ማለት ግማሽ ሚሊ ሜትር፣ 040 ማለት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህን የማያውቅ ሻጭ 0.25 ሲጠየቅ የለኝም ይላል፣ ዕቃው ግን 010 ተብሎ ከጀርባው ተቀምጧል። እጥረት የምንለው አንዱ ክፍል እንዲህ ያለ በወሬ የተፈጠረ እጥረት ነው።

የስህተቱ ሂሳብ

ጉዳዩን በብር እንየው። ቁጥሮቹ ለሂሳቡ ያህል የተወሰዱ ናቸው፤ እያንዳንዱ ባለንብረት የራሱን ይተካ። አንድ መኪና የሹፌርና የረዳት አበል፣ ናፍታና ጎማ ተቀንሶ በቀን 8,000 ብር ያስገባል እንበል። ሞተሩ ወርዶ አሶሳ ላይ ቆሟል። ፒስቶኑ በስም ታዘዘ፣ ከአዲስ አበባ ተጭኖ ደረሰ፣ ሲለካ አልሆነም። ተመልሶ ተልኮ ሌላው እስኪመጣ አሥር ቀን ቢፈጅ ኪሳራው 80,000 ብር ነው። በዚህ ላይ የመጓጓዣው ወጪና የደላላው ድርሻ አልተጨመረም። ሻጩ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ካለ ደግሞ የተሳሳተው ፒስቶን ዋጋ በሙሉ ይታከላል።

መንገዱም ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። በተለይ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የወለጋ መስመር በፀጥታ ችግር በየጊዜው ሲስተጓጎል ኖሯል። እንዲህ ባለ ጊዜ አሥር ቀን የተባለው ወር ሊሆን ይችላል። በሱዳን በኩል እንተካ የሚለው አማራጭም በዚያች አገር በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሳ በኋላ አስተማማኝነቱን አጥቷል።

የምንዛሪው ነገርም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዶላር የሚመጣ ዕቃን አንድ ጊዜ መሳሳት ቀድሞ ከነበረው እጥፍ ያህል ያስከፍላል ማለት ነው። ማይክሮሜትርና ካሊፐር የገዛ ጋራዥ ግን ወጪው አንድ ጊዜ ነው።

በኪሎ የሚሸጥ ሀብት

ክልሉ አሮጌ ብረት አጥቶ አያውቅም። በ1978 ዓ.ም. ገደማ በጣሊያን መንግሥት ገንዘብ በመተከል ፓዌ ላይ የተጀመረውን የጣና በለስ ፕሮጀክት የሚያስታውሱ ጥቂት አይደሉም። ሥራውን የያዘው ሳሊኒ ብዙ ማሽንና መኪና አስገብቶ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ሥራው ተቋረጠ፣ ብዙ ንብረትም ለብክነት ተዳረገ። ሆስፒታሉና የእርሻ ምርምር ማዕከሉ ግን እስከ ዛሬ ያገለግላሉ። ልዩነቱ ምን ላይ ነው ቢባል፣ ለሆስፒታሉና ለምርምር ማዕከሉ ተረካቢ ነበራቸው።

ዛሬም ታሪኩ እንዳይደገም የሚያሰጋ ምክንያት አለ። ያው ሳሊኒ፣ በኋላ ዌቢልድ የተባለው፣ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. በጉባ የተጀመረውን የታላቁን የህዳሴ ግድብ ዋና የግንባታ ሥራ ሲያከናውን ቆይቶ ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከዚህ ሌላ በክልሉ የወርቅ ማዕድን ሥራ እየተስፋፋ ነው። ሁሉም ከባድ መኪናና ማሽን ይዘው ይመጣሉ፤ አንድ ቀን ደግሞ ያረጀውን ያስወግዳሉ።

ችግሩ ያለው በአወጋገዱ ላይ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ሆነ ድርጅት ያገለገለ ንብረት በጨረታ ሲያወጣ የተለመደው አሠራር በክምር ወይም በኪሎ መሸጥ ነው። «የተለያዩ የተሽከርካሪ መለዋወጫዎችና ቁርጥራጭ ብረታ ብረት» ተብሎ ከተጻፈ ማስታወቂያ ምን ይነበባል? ያልተነካ ካሚቻ፣ ደህና ኮሎ፣ ተጠግኖ የሚሠራ የናፍታ ፖምፓ ከተቀጠቀጠ በርሜል ጋር በአንድ ዋጋ ይሄዳል። አሸናፊው ለብረት ማቅለጫ ያስረክበዋል። በሳምንቱ አንድ የአሶሳ ባለመኪና ያንኑ ኮሎ ፍለጋ አዲስ አበባ ይወርዳል።

ዝርዝር መሥራት ምን ያህል ያስወጣል? አንድ መካኒክና አንድ ጸሐፊ ለጥቂት ቀን ቢመደቡ፣ የሞተሩ ሳህን ላይ ያለው ቁጥር፣ በብሎኩ ላይ የተቀረጸው ቁጥርና የሚታየው ጉዳት ይመዘገባል። ክምሩ ወደ ዕቃ ይለወጣል። ሻጩ መሥሪያ ቤት የተሻለ ዋጋ ያገኛል፣ ገዢውም ምን እንደገዛ ያውቃል። ከዚህ የሚጎዳው በክምሩ ውስጥ ያለውን አስቀድሞ በወሬ የሚያውቀው የውስጥ አዋቂ ብቻ ነው።

«አሮጌ ይወገድ» ለሚሉ

አሮጌ መኪና ጭስ ነው፣ አደጋ ነው፣ ይወገድ የሚሉ ወገኖች አሉ፤ ክርክራቸውም ሊናቅ አይገባም። የመንግሥት ፖሊሲም ወደዚያው ያዘነበለ ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ ተሽከርካሪ ሲገባ ዕድሜው በጨመረ መጠን ታክሱ እንዲከብድ አድርጓል። ይሁን እንጂ ይህ ሕግ አሮጌ መኪና እንዳይገባ ይከለክል ይሆናል እንጂ አዲሱን ለአሶሳ ነጋዴ አይገዛለትም። የድሮ መኪና ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ በባንክ ብድር አዲስ ለመግዛት የሚያስይዘው የለውም። መኪናው ከቆመ ጭነቱ ወደ አዲስ መኪና አይዞርም፤ ኪራዩ ይወደዳል፣ የሚጎዳውም ሸማቹና ገበሬው ነው።

ጭሱን በተመለከተ የሚያጨሰው ዕድሜ ብቻ አይደለም። ፋሻው ያለቀ፣ የናፍታ ፖምፓው ያልተስተካከለ፣ ኢንጄክተሩ የሚያንጠባጥብ ሞተር ነው። በልኩ የታደሰ ሞተር ጭሱም ዘይት መብላቱም ይቀንሳል። አደጋውን በሚመለከት ግን ከተቃዋሚዎቹ ጋር እስማማለሁ። ሞተር ማደስ ፍሬን ማደስ አይደለም። ሻሲው የተሰነጠቀ፣ ፍሬኑ የማይዝ፣ መሪው የላላ መኪና ላይ አዲስ ፒስቶን መግጠም ሞትን ማፍጠን ነው። እንደዚሁም ሁሉም ሞተር መታደስ አለበት አልልም። ብሎኩ የተሰነጠቀ ወይም እንደ ድሮው ዩራል 375 በቤንዚን የሚሠራና የሚያገኘውን ሁሉ ለነዳጅ የሚከፍል ከሆነ ሂሳቡ አያዋጣም። መታደስ ያለበትና መሸጥ ያለበት የሚለየው በስሜት ሳይሆን በልክና በሂሳብ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ባለንብረቱ ሞተሩ በወረደ ቁጥር ልኩን ይጻፍ። የካሚቻው ስፋት፣ የፒስቶኑ ቁመት፣ ኮሎው ስንት ጊዜ እንደተሞረደ፣ የገባው ብሮንዝ ቁጥር በአንድ ደብተር ላይ ይስፈር፣ ከሊብሬው ጋርም ይቀመጥ። መኪናው ሲሸጥ ደብተሩ አብሮ ይሂድ። ደብተር ያለው መኪና ከሌለው የበለጠ ዋጋ ማውጣት ይገባዋል፤ ደላሎችም ይህን ለገዢ ማስረዳት የሥራቸው አካል ሊሆን ይገባል።

ሁለተኛ፣ ትዕዛዝ በስም አይላክ። የሞተሩ ሳህንና የአሮጌው ዕቃ ፎቶግራፍ ከካሊፐሩ ንባብ ጋር በቴሌግራም ይላክ። ዛሬ ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የድሮ ሰው ናሙናውን በጆንያ ጠቅልሎ አውቶቡስ ላይ ይጭን ነበር፤ እኛ ያን ያህል አልተቸገርንም።

ሦስተኛ፣ የአዲስ አበባ መለዋወጫ ነጋዴ መደርደሪያውን በቁጥር ያደራጅ። ለዓመታት ያልተሸጠ ዕቃ አለን የሚሉ ሱቆች ካሚቻና ፒስቶናቸውን ለክተው ዝርዝሩን ለክልል ጋራዦች ቢልኩ የሞተ ካፒታላቸው ሊነቃ ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በተላከለት ልክ መሠረት የሸጠውን ዕቃ ካልሆነ እመልሳለሁ የሚል ነጋዴ የሩቁን ገዢ በእጁ ያስገባል።

አራተኛ፣ ጨረታ የሚያወጡ መሥሪያ ቤቶች ሞተርና የሞተር ክፍሎችን ከቁርጥራጭ ብረት ለይተው በዝርዝር ይሽጡ።

አምስተኛውና ለባለሀብት የሚሆነው የሚከተለው ነው። አሶሳ ላይ ኮሎ የሚሞርድ፣ ካሚቻ የሚቀይርና የሚያስተካክል፣ የናፍታ ፖምፓ በመፈተሻ ማሽን ላይ የሚያስተካክል አንድ የተሟላ የሞተር ማደሻ ቶርኖ ቤት ገበያ ያጣል ብዬ አላምንም። ከጭነት መኪናው ሌላ ጀነሬተሩ፣ የወፍጮው ሞተር፣ ትራክተሩና የማዕድን ማሽኑ ሁሉ ደንበኛ ናቸው። በከተማዋ ዩኒቨርሲቲና የቴክኒክ ኮሌጅ በመኖሩ ሠልጣኝ ለማግኘትም አይከብድም። ተቋማቱም በበኩላቸው በክልሉ የሚሠሩ ሞተሮችን ልክ ሰብስበው በአማርኛ አንድ መጽሐፍ ቢያወጡ ለነጋዴው ከብዙ አውደ ጥናት የበለጠ ይጠቅሙታል።

አናጢ ሁሉ የሚያውቃት አንዲት አባባል አለች፤ አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ። የመለዋወጫ ገበያችን እስከ ዛሬ የሄደው በተገላቢጦሽ ነው። አሥር ጊዜ ገዝተን አንድ ጊዜ እንለካለን። ለዚህ ስህተት የሚከፈለው ገንዘብ ከባለመኪናው ኪስ ብቻ የሚወጣ ቢሆን ኖሮ ራሱ ይወቀው ባልን ነበር። ነገር ግን አሶሳ ላይ ሲሚንቶ የሚገዛው፣ አዲስ አበባ ላይ ማንጎ የሚገዛውም እየከፈለለት ነው።